በሁዳዴ የሚሸጥ ቤት

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አንድ ደላላ ወደ ቤታችን መጣ። ቆርቆሮውን በዓይኑ ለካ፤ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ የጓሮውን ጌሾና የኮክ ዛፍ አየ፤ የይዞታ ካርታውን ገልጦ አንብቦ በአክብሮት መለሰልኝ። ከዚያ ጆሮውን አቀና። ከአጥራችን ማዶ ካለው ግሮሰሪ የሚወጣው ዘፈን ገና መሞቁ ነበር። ደላላው ጥቂት አሰበና መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ረጋ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ወንድምዓለም፣ ይህን ቤት መሸጥ ያለብህ በሁዳዴ ነው።»

ምክንያቱንም አስረዳኝ። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም። መጠጥ ቤቱ ቢከፈትም ዘፈኑን ዝቅ ያደርጋል። ሃምሳ አምስት ቀን ማለት ደግሞ ገዥ ለማምጣት፣ ዋጋ ለመነጋገርና ውል ለመጻፍ ከበቂ በላይ ነው። «ገዥው መጥቶ የሚሰማው ወፍ ብቻ ይሆናል» አለኝ። «ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው የእሱ ዕዳ ነው።»

ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያውቀውን ሙያ በቅንነት መከረኝ። እኔም ሳቅሁ፤ በልቤም ተስማማሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያንን ምክርና ያንን የራሴን ስምምነት ለመቃወም ነው። ምክሩ የአንድ ደላላ ብልጠት ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ ባልወሰድሁ ነበር። ነገር ግን የብዙዎቻችን የኑሮ ዘይቤ ሆኗል፦ ያስመረረንን ነገር ላስመራሪው አንነግርም፤ መረን ስንሸሽም ያስመረረንን ነገር ለሚተካን ሰው አንነግርም። የመጀመሪያውን ዝምታ «ይሉኝታ» ብለን እናከብረዋለን፤ ሁለተኛውን «ብልጠት» ብለን እናደንቀዋለን። እኔ የምለው ሁለቱ አንድ ዝምታ ናቸው፤ ሁለቱም የሚመነጩት ከፍርሃት ነው።

ቤቱ አባቴ የሠራው የጭቃ ቤት ነው። ባሕር ዛፉን ያቀበሉት ጎረቤቶች ነበሩ፤ ጭቃውን ከጭድ ጋር የረገጡትም በደቦ የመጡ ጎረቤቶች ነበሩ። አባቴ ሲያርፍ ድንኳኑን የተከሉት፣ እናቴን ለሳምንታት ብቻዋን ያላሳደሯት እነርሱ ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ተረት በእኛ ሰፈር ማንም አስረድቶኝ አያውቅም፤ ኖሬበታለሁና። ከስድስት ዓመት በፊት ግን ከአጥራችን ማዶ ያለው ቤት ግሮሰሪ ሆነ፤ ቁመታቸው የሰው ደረት የሚደርስ ሁለት ድምፅ ማጉያዎችም ጀርባቸውን ለመንገዱ፣ ፊታቸውን ለእናቴ መኝታ ሰጥተው ቆሙ።

የደብረ ታቦርን ሌሊት የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ጥቂት ልንገረው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበስተጀርባዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው የጉና ተራራ አለ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ባሉት ወራት፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲያርፍ፣ መሬቱ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ መሬቱን የነካው አየርም ከላይኛው ይልቅ ይበርዳል። እንዲህ ባለ ሌሊት ድምፅ ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ ወደ ምድር ይታጠፋል፤ ርቆም ይሰማል። ውሻ ከወዲያኛው ኮረብታ ሲጮህ ከደጃችን የጮኸ የሚመስለን ስለዚህ ነው። ለጸጥታ የተፈጠረ የሚመስለው የደጋ ሌሊት ለጩኸትም እንዲሁ ታማኝ አገልጋይ ነው።

እናቴ የደም ግፊት ታማሚ ናት። መጀመሪያ አልጋዋን ወደ ሌላው ግድግዳ አዞረች። ቀጥላ ወደ ማድ ቤቱ ተዛወረች። አባቴ በሠራላት ቤት ውስጥ ስደተኛ ሆነች። እኔም በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር ሰው ነኝ፤ አንድ ሰኞ ማታ ሒሳቤን ስዘጋ ጎደለ፤ ጉድለቱን ከደመወዜ ሞላሁ። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛሁ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ለመጠየቅም የሚያበቃ ነገር አልነበረም። ማታ ማታ ስንኝ መግጠም የምወድ ሰውም ነኝ፤ ግጥሜን በምላሴ ስመጥን ቤቱን የሚመታልኝ የጎረቤቴ ከበሮ ሆነ። ይህን ስል ለመሳቅ ነው፤ የመጀመሪያውን ስል ግን አልስቅም።

ታዲያ ለምን አልተናገርንም? እነሆ ከሰዎች የሰማኋቸው፣ ለራሴም ስደጋግማቸው የኖርሁ ምክንያቶች። አንድ በአንድ ልያዛቸው።

የመጀመሪያው «በገዛ ቤቱ ምን አገባህ?» የሚለው ነው። ያገባኛል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን የሚያውክና የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና መንቀጥቀጥን ለይቶ ይጠራል። ልኩ ሲመዘንም የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ እንዲታይ ያዝዛል። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ጩኸትን ከብክለት ቆጥሮታል፤ ይህን ተከትሎ የወጣው የአገሪቱ የድምፅ መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር ያስቀመጠው ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሌሊቱ የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው የሌሊት ድምፅ መመሪያ ከቤት ውጭ የሚለካውን 40 ዴሲቤል ላይ አድርሶታል፤ ምክንያቱም የሚረበሸው እንቅልፍ ብቻ ሳይሆን ልብና የደም ሥርም ስለሆነ ነው። ዴሲቤል ደግሞ እንደ ብር አይደመርም፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት ዐሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ትንሽ ከፍ ቢል ምን አለበት» የሚል ሰው ትንሹን አልለካውም። በገዛ ቤትህ ውስጥ ጌታ ነህ፤ ድምፅህ አጥሩን ከዘለለ በኋላ ግን በሰው ቤት የገባ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ደጅ ያንኳኳል።

ሁለተኛው «እንጀራው ነው» የሚለው ነው። ይህን ምክንያት አከብረዋለሁ። በዚህ ዘመን በዚህ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ልጅ ማሳደር ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ቁጠባውን ሲያወጣ ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጬ የማይ እኔ ይህን አላጣውም። ነገር ግን የግሮሰሪው እንጀራ ከቢራውና ከክትፎው ነው እንጂ ከእናቴ ግድግዳ መንቀጥቀጥ አይደለም። ጠጪው ከማጉያው በሁለት ክንድ ርቀት ተቀምጦ ጓደኛውን በጆሮው እየጮኸ የሚያናግር ከሆነ ድምፁ ለእሱም አልጠቀመውም። ድምፁ ቢቀንስ የሚቀርበት ደንበኛ ማን እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ያቆሰለኝ ነው፦ «ከባድ መሣሪያ የሰማ ጆሮ በዘፈን ይማረራል ወይ?» አዎን፣ ሰምተናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ እስከ ደጃችን ሲደርስ ከተማዋ በከባድ መሣሪያ ተመታለች፤ በገዛ ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያም በኋላ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ድምፅ ሰምተናል። በሰዓት እላፊው ወራት ግሮሰሪው በጊዜ ይዘጋ ነበር፤ ያ ጸጥታ ግን የእንቅልፍ ጸጥታ አልነበረም፤ የሚመጣውን የሚያዳምጥ ጸጥታ ነበር። ታዲያ ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ምንድን ነው? እንዲያ ያለውን የሰማ ጆሮ ማንኛውንም ነገር ይቻል ነው? እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ሌሊት በር ሲላተም ተነሥታ የምትቀመጥ አሮጊት ከማንም ይልቅ ጸጥታ ይገባታል። መከራ ያሳለፈን ሰው «ከዚያስ ይህ ይሻላል» እያሉ ማኖር መጽናኛ አይደለም፤ መከራን የሁሉ ነገር መለኪያ አድርጎ ማቆየት ነው።

አራተኛው የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የሚወዱት ምክንያት ነው፦ «አገራችን የድምፅ አገር ናት።» እውነት ነው፤ ግን እውነቱ ለእኔ ይመሰክራል። ከተማችን ስሟን የወሰደችው ከደመና ውስጥ ድምፅ ከተሰማበት ተራራ ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን ልጆቻችን ጅራፍ የሚያጮኹት፣ ሆያ ሆዬ የሚሉትም ያንን በማሰብ ነው። ጅራፉ ግን ወቅት አለው፤ ሙልሙሉን ተቀብሎ ይሄዳል። ሠርግም ቀን አለው፤ «ልናስቸግራችሁ ነው» ብሎ ከነድግሱ ይጠራሃል። ከሁሉም በላይ ይህ የደቡብ ጎንደር ደጋ የቤተ ልሔም የድጓ ምስክር፣ የዙር አባ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር አገር ነው። እዚያ ተማሪው ድምፁን ለማሰማት ሳይሆን ድምፁን ለመምጠን ዓመታት ይቀመጣል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ የለየ፣ የቱ በየትኛው ቀንና በየትኛው ጾም እንደሚዜም የወሰነ፣ መነሣቱንና መውደቁን በምልክት የጻፈ ሕዝብ ድምፅ ልክ እንዳለው ለማወቅ የውጭ አስተማሪ አይሻም። ይህን የምለው ለመጠጥ ቤቱ ብቻ አይደለም። ለወፍጮ ቤቱም፣ ሌሊት ብረት ለሚቆርጠው የብየዳ ቤትም፣ የእምነት ቤት ሆኖ ማጉያውን ከምእመናኑ አልፎ ወደ ሰፈሩ ለሚያዞረውም ነው። ማኅሌቱ ራሱ አላስቸገረኝም፤ በልጅነቴ ከሩቅ እየሰማሁት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ያኔ ግን የሚመጣው ከሰው ጉሮሮ ነበር።

አምስተኛው የደላላው ነው፦ «ገዥው ራሱ ይጠይቅ።» ወደዚህ ስመጣ አንባቢ ትንሽ እንዲታገሰኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ ከጩኸት ወደ ሐቅ ይሻገራልና።

ቤት ስንሸጥ የምንሸጠው ምንድን ነው? መሬቱን አይደለም። የከተማ መሬት ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ የግል ንብረት አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደንግጓል። ጭቃውና ቆርቆሮው ደግሞ ለብቻው ቢገመት ከምንጠይቀው ዋጋ ጋር አይቀራረብም። በመካከል ያለው ሰፊ ልዩነት የምን ዋጋ ነው? የሰፈሩ ነው። የውኃው፣ የመንገዱ፣ የትምህርት ቤቱ ቅርበት፣ ሌሊት በሰላም የመተኛት ተስፋ ዋጋ ነው። በሥራዬ ለብድር መያዣ የሚቀርቡ የቤት ግምቶች በእጄ ያልፋሉ። ግድግዳው በምን እንደተሠራ፣ ጣሪያው ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ከአስፋልቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ተጽፎ አያለሁ፤ «ከአጥሩ ማዶ ማን አለ?» የሚል ጥያቄ ግን አንድም ቀን አላየሁም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ቤት ሻጭ ፈርሞ ለገዥው በሚሰጠው የማሳወቂያ ቅጽ ላይ የሰፈሩ ጩኸት ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ነው። እዚያ ሰው ከእኛ ይልቅ እውነተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ሻጭ ሳይጠየቅ እንደማይናገር ስለታወቀ ነው።

የእኛም ሕግ በዚህ ነገር ፈጽሞ ዝም አላለም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1705 በተዋዋዮች መካከል ልዩ መተማመን ባለበት ጊዜ አንዱ በክፉ ልቡና ወይም በቸልተኝነት የተናገረው ሐሰት፣ እንዲያም ሲል ሌላውን ሐሰት እንዲያምን ያደረገ ዝምታው ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው በዚህ «ልዩ መተማመን» ውስጥ ይገባ እንደሆነና እንዳልሆነ የሕግ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔ የምጠይቀው ቀላሉን ነው፦ ቡናችንን በሦስት ስኒ የጠጣ፣ «እናቴ» ብሎ የእናቴን ጉልበት ሊስም ያጎነበሰ ሰው እኛን ያላመነ ማንን ሊያምን ነው? በሁዳዴ የሸጠና በጥር የሸጠ ሰው በሚያገኙት ዋጋ መካከል ልዩነት ካለ፣ ያ ልዩነት የገዥው እንቅልፍ ነው። እሱ ሳያውቅ ከኪሱ የወሰድነው ነው። በባንክ ቤት እንዲህ ላለው ነገር ስም አለው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የደላላውን ምክር ተቀበልሁ። ሁዳዴ ገባ፤ ግሮሰሪው ዝቅ አለ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ወጣት መምህር ከባለቤቱ ጋር መጣ፤ ባለቤቱ የደረሰች ነፍሰ ጡር ነበረች። ጓሮውን አዩ፤ ኮኩን አዩ። «ጸጥታው ደስ ይላል» አለች ልጅቱ። እኔ ዝም አልሁ። ያን ዝምታ እስካሁን እሰማዋለሁ።

እናቴ ቡናውን ቀድታ ስትጨርስ ጀበናውን አስቀመጠችና እንዲህ አለች፦

«ልጆቼ፣ ቤቱ መልካም ነው። ግን ሳትወስኑ ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜ ማታ መጥታችሁ እራት ብሉ። ከዚያ ወዲያ የምትሉትን ትላላችሁ።»

ደላላው ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት አየሁ። ከሄዱ በኋላ ተቆጣሁ፤ «እማዬ፣ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» አልኋት። እሷም፦ «እኔን በማድ ቤት ያስተኛኝን ነገር ለዚያች ልጅ አራስ ቤት ላወርሳት? በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብላኝ ስኒዎቿን ልትለቀልቅ ገባች።

በማግሥቱ ማታ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን አጥር ዞሬ በግሮሰሪው በር ገባሁ። ሽማግሌ አልላክሁም፤ ክስም አልጻፍሁም። ቢራ ሳይሆን ውኃ አዘዝሁና ባለቤቱን አስቀምጬ ነገርሁት፤ ስለ አልጋው መዞር፣ ስለ ማድ ቤቱ፣ ስለ እናቴ ግፊት። ሰውየው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ስድስት ዓመት ሙሉ?» አለኝ። «በየበዓሉ እየመጣሁ እንኳን አደረሳችሁ ስል፣ እናታችን ጠላ ስትቀዳልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዴት አትነግሩኝም? እኔ እኮ የማይሰማችሁ መስሎኝ ነው።»

ይህን ስሰማ ደስ አላለኝም፤ አፈርሁ። ይሉኝታዬ ለእሱ ያሰብሁለት ቸርነት ይመስለኝ ነበር። ለካስ በልቤ ስድስት ዓመት ሙሉ ስከሰውና ስፈርድበት ኖሬ፣ ክሱን ግን አንድም ቀን አላነበብሁለትም። ሰውን ሳይሰማ ከመፍረድ የሚብስ በደል የለም። ይህን ያደረግሁት ደግሞ «ጎረቤት እንዳላስቀይም» ብዬ ነው!

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ በተረት ተረት እንደሚያልቅ አድርጌ አልነግርህም። ማጉያዎቹ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። በሥራ ቀናት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ዘፈኑ ይቀንሳል፤ አንዳንድ ቀን ይረሳል፣ እኔም ሄጄ አስታውሳለሁ። «ቅዳሜ ግን አልችልም፤ ደንበኛዬ ይበተናል» ብሎኛል፤ በቅዳሜው ገና አልተስማማንም። ካልተስማማን ሽማግሌ አለ፤ ሽማግሌው ካልሆነ ዕድሩ አለ፤ ያም ካልሆነ ቀበሌውና ፍርድ ቤቱ አሉ። ቅደም ተከተሉ ግን ከአፍ ይጀምራል። ከፍርድ ቤት የሚጀምር ጉርብትናን ያፈርሳል፤ ከዝምታ የሚጀምር ደግሞ እስከ መጨረሻው በዝምታ ይኖራል፤ በመጨረሻም ቤቱን ይሸጣል።

መምህሩና ባለቤቱ ከፋሲካ በኋላ መጥተው እራት በልተዋል። አልገዙንም። ሕፃኑን ሲያስነሡ ግን ጠርተውናል።

ለመሸጥ ለምታስቡ የምለው ይህ ነው፦ ቤታችሁን በሚጮኽበት ሰዓት አሳዩ። ዋጋ ከቀነሰ የቀነሰው የእናንተ ገንዘብ አይደለም፤ አልነበረምና። ለመግዛት ለምታስቡም፦ በጾም ያያችሁትን ቤት በፍስክ ድገሙት፤ በቀን ያያችሁትን በሌሊት ድገሙት፤ በገበያ ቀንም ድገሙት። ሻጩን ብቻ ሳይሆን ከማእዘኑ ላይ ያለችውን ባለ ሱቅ ጠይቁ። ማጉያ ላላችሁም፦ አንድ ምሽት ከአጥራችሁ ማዶ ሄዳችሁ ቁሙ። ሌላ አልጠይቅም።

እናቴ ወደ መኝታዋ ተመልሳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ማድ ቤት ታድራለች። ቤቱን ልንሸጠው እንችላለን፤ ላንሸጠውም እንችላለን። በሁዳዴ ግን አንሸጠውም።

ቸር እንሰንብት።